ስለ ነርቭ አፈጣጠርና ስለ መጀመሪያዎቹ 28 ቀኖች

በአገራችን ልጅ ከተወለደ በኋላ ያሉት ቀኖች በጥንቃቄ ይቈጠራሉ። ወንዱ በ40 ቀኑ፥ ሴቷ በ80 ቀኗ ክርስትና እንዲነሡ አባትና እናት፥ ጎረቤትና የንስሐ አባት ሁሉ ቀኑን ይዘው ይጠብቃሉ። ከፅንሰት በኋላ ያሉትን ቀኖች ግን የሚቈጥር ሰው እምብዛም አይገኝም። የሚቈጠሩት ወራት ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ የሚቈጠሩት ሆድ መግፋት ከጀመረ ወዲያ ነው። ይሁን እንጂ ሰው የሚያስብበት፥ የሚያይበትና የሚራመድበት የነርቭ ሥርዐት መሠረቱ የሚጣለው በመጀመሪያዎቹ 28 ቀኖች ውስጥ ነው። ያ መሠረት ጎደሎ ሆኖ ቢቀር ከዚያ በኋላ የሚዋጥ መድኃኒት አይሞላውም። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዐምድ ስለ ነርቭ አሠራርና አፈጣጠር፥ እነዚህንም ቀኖች ሳይደርሱ አስቀድሞ ስለ መሰናዳት ጥቂት ልንጽፍ አሰብን።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ እንናገር። በቋንቋችን ጅማት የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል። ሥጋን ከአጥንት ጋር ጠፍሮ የሚይዘውን ጅማት እንለዋለን፤ በእጅ ጀርባ ላይ ተነሥቶ የሚታየውንም የደም ሥር ጅማት የሚለው ሰው አለ። ነርቭ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው፤ አጥንትን አይስብም፥ ደምም አያመላልስም። ሥራው መልእክት ማድረስ ነው። በሬ ታርዶ ሲበለት የተመለከተ ሰው፥ አከርካሪው በመጥረቢያ በተከፈለ ጊዜ በአጥንቱ ቦይ ውስጥ የተጋደመ ነጭ ለስላሳ ገመድ ሳያይ አልቀረም። ያ ገመድ ሕብለ ሰረሰር ይባላል፤ በሰውም አካል ውስጥ እንደዚሁ ሆኖ ይገኛል።

የነርቭ ሥርዐት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ማእከላዊው ነው፤ ይኸውም በራስ ቅል ውስጥ ያለው አንጎልና በአከርካሪ ውስጥ ያለው ሕብለ ሰረሰር ነው። ሁለተኛው ከእነዚህ ወጥቶ እስከ ጣት ጫፍ ድረስ የሚዘረጋው የነርቭ ቅርንጫፍ ሁሉ ነው። የጐልማሳ ሰው አንጎል ከ1,300 እስከ 1,400 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በውስጡም 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንዳሉ ሊቃውንት ገምተዋል። እንዲህ ያለ ለስላሳ ነገር ከአጥንት ጋር ሲጋጭ እንዳይጎዳ ሦስት ሽፋን ለብሶ በጠራ ውሃ መካከል ይኖራል። የውሃው ልክ 150 ሚሊ ሊትር ያህል፥ ማለትም ሁለት ሲኒ ቡና የሚያህል ነው፤ በየቀኑም እየመነጨና እየተመጠጠ ይታደሳል። መፍሰሻው ቢዘጋ የሚመጣውን ጉዳት ወደ ታች እንነግራችኋለን።

ታላቁ አንጎል የአሳብ፥ የንግግር፥ የትዝታና የፈቃድ ቦታ ነው። እርሱም ለሁለት የተከፈለ ሲሆን ግራው ቀኝ እጅንና ቀኝ እግርን፥ ቀኙም የግራውን ወገን ያዝዛል። ስለዚህም በግራ አንጎሉ ደም የፈሰሰበት ሰው በቀኝ በኩል ሽባ ሲሆን እናያለን። ከበስተኋላ ዝቅ ብሎ ያለው ትንሹ አንጎል ሰው ሲቆምና ሲራመድ ሚዛኑን ይጠብቅለታል። ሁለቱን ከሕብለ ሰረሰር ጋር የሚያያይዘው የአንጎል ግንድ ደግሞ ተኝተን ሳለን እንኳ ትንፋሻችንን ያስኬዳል። ከአንጎል 12 ጥንድ ነርቮች ወጥተው ወደ ዐይን፥ ወደ ጆሮ፥ ወደ ፊትና ወደ ምላስ ይሄዳሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ጥንድ እስከ ልብና እስከ ጨጓራ ይወርዳል።

ሕብለ ሰረሰር ውፍረቱ ከትንሽ ጣት አይበልጥም፤ ርዝመቱም 45 ሴንቲ ሜትር፥ በሸማ ነጋዴ አለካክ አንድ ክንድ ያህል ነው። በግራና በቀኝ 31 ጥንድ ነርቮች ይወጡለታል። መልእክቱ ፈጣን በሆነው ነርቭ ላይ በአንድ ሰከንድ ከ100 ሜትር በላይ ይሄዳል። ሁሉም ነገር ግን እስከ አንጎል ድረስ አይጠየቅበትም። እንጀራ የምትጋግር ሴት ጣቷ የጋለ ምጣድ ቢነካ፥ መቃጠሏን ሳታውቀው እጇ አስቀድሞ ይሸሻል። በቀድሞው ዘመን ምስለኔው አስቸኳዩን ጉዳይ በራሱ ፈጽሞ ከዚያ በኋላ ለሹሙ እንደሚያስታውቀው፥ ሕብለ ሰረሰርም እጅን አስቀድሞ ያነሣና ወሬውን በኋላ ለአንጎል ያደርሳል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከምን እንደ ተጀመረ እንመልከት። ፅንስ በሦስተኛው ሳምንት ላይ ሦስት ንብርብር ያላት ስስ ዝርግ ነገር ናት። ከላይኛው ንብርብር ቆዳም ነርቭም ይወጣሉ። በ18ኛው ቀን ገደማ በጀርባዋ መካከል ያለው ክፍል ይወፍራል፤ መካከሉ እንደ ቦይ ይጎደጉዳል፤ ሁለቱም ጠርዞች በግራና በቀኝ ይነሣሉ። ከዚያ በኋላ ጠርዞቹ እየተጠጋጉ ሄደው ይጋጠማሉ፤ ዝርግ የነበረውም ቧንቧ ይሆናል። ይህም የቆዳ ሠራተኛ የጎራዴ አፎት ሲሠራ ዝርጉን ቆዳ አጥፎ ሁለቱን ጠርዝ እንደሚያገጣጥመው ያለ ነው። መጋጠሙ የሚጀምረው በ22ኛው ቀን ገደማ በአንገት አካባቢ ሲሆን፥ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። በራስ በኩል ያለው አፍ በ25ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል፤ በጅራት አጥንት በኩል ያለውም እስከ 28ኛው ቀን ይዘጋል። በዚያን ጊዜ የፅንሱ መላ አካል ከምስር ፍሬ አይበልጥም።

ይህን በእኛው አገር ቀን ቈጥረን እናስረዳ። በቡሬና በፍኖተ ሰላም አገር ሠርግ በጥር ወር ይበዛል። ለአስተርእዮ ማርያም ሰሞን የተዳረች ሙሽራ ጥር 21 ቀን ፀነሰች እንበል። የወር አበባዋን የምትጠብቀው የካቲት 5 ቀን ገደማ ነው። ቢቀርባት የመንገድና የድግስ ድካም ነው ብላ ጥቂት ቀን ትታገሣለች። የካቲት 19 ቀን ሲሆን ግን የልጇ የነርቭ ቧንቧ ወይ ተዘግቷል፥ ወይ ሳይዘጋ ቀርቷል። እርስዋ ለእናትዋ እንኳ ገና አልተናገረችም። በመላ አገሪቱ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፥ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ለእርግዝና ምርመራ ወደ ጤና ድርጅት የሄዱት እናቶች ከአምስቱ አንዷ ብቻ ነበሩ። በምርመራው ጊዜ የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ደምን ለማጽናት እጅግ ይጠቅማል፤ ለቧንቧው መዘጋት ግን በአራተኛው ወር የተጀመረ ክኒን ዘግይቷል።

ቧንቧው በደህና ከተዘጋ ሥራው ይቀጥላል። የላይኛው ጫፍ በመጀመሪያ በሦስት፥ በአምስተኛው ሳምንት በአምስት ቦታ ይነፋና የአንጎል ክፍሎች መነሻ ይሆናል። የቀረው ርዝመት ሕብለ ሰረሰር ይሆናል። ከጠርዞቹ ጫፍ የተለዩ ሕዋሳት ደግሞ እንደ መንገደኛ ወደየአካሉ ተጉዘው የቆዳ፥ የአንጀትና የሌላውም ብልት ነርቮች ይሆናሉ። በሦስተኛው ወር ሕብለ ሰረሰር የአከርካሪውን ቦይ ከላይ እስከ ታች ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ግን አጥንቱ በርዝመት ይቀድመውና በጐልማሳ ሰው ዘንድ ገመዱ በወገብ መጀመሪያ ላይ ያበቃል። ሐኪም የአንጎልን ውሃ ለምርመራ ሲቀዳ መርፌውን ከወገብ ዝቅ አድርጎ የሚወጋው ስለዚህ ነው። ነርቮችን እንደ ቅባት የሚሸፍናቸውም ልባስ ልጁ ከተወለደ በኋላ ብዙ ዓመት እየተጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ አንጎል በአንድ ወር ተሠርቶ ያልቃል አንልም፤ በአንድ ወር የሚያልቀው የቧንቧው መዘጋት ነው።

በራስ በኩል ያለው አፍ ሳይዘጋ ቢቀር የራስ ቅል ክዳንና ታላቁ አንጎል ሳይሠሩ ይቀራሉ፤ እንዲህ ያለው ልጅ ሞቶ ይወለዳል፥ ወይም ከተወለደ በኋላ ብዙ አይቆይም። በታች በኩል ሳይዘጋ ቢቀር አከርካሪው ተከፍቶ ሕብለ ሰረሰሩ ከነሽፋኑ በወገብ ላይ እንደ ከረጢት ሆኖ ይወጣል፤ ሐኪሞች ስፓይና ቢፊዳ ይሉታል። ይህ ልጅ በሕይወት ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን እግሩ ሊደክም፥ ሽንቱንና ዐይነ ምድሩን መቈጣጠር ሊሳነው ይችላል። ብዙ ጊዜም ቀደም ብለን የጠቀስነው ውሃ መፍሰሻ አጥቶ በአንጎል ውስጥ ይጠራቀምና ራሱ ከልክ በላይ ያድጋል።

ይህ ነገር በአገራችን ጥቂት አይደለም። በአዲስ አበባ በሦስት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ተደርጎ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2018 የታተመው ጥናት ከ10,000 ልደት 126 ያህል፥ በዚያው ዓመት በትግራይ ሆስፒታሎች የተደረገውም 131 ያህል እንዲህ ያለ ጉዳት እንዳገኘ አስታውቋል። ይህም ከመቶ ልደት ከአንድ በላይ ማለት ነው። በእርግጥ የከበደ ምጥ ወደ ሆስፒታል ስለሚሄድ የሆስፒታል ቍጥር ከገጠሩ ሊበልጥ ይችላል። ሆኖም በገጠር ሳይታይ የተቀበረውን ማን ቈጠረው?

ከጉዳቱ ይልቅ የሚከብደው በእናቲቱ ላይ የሚወድቀው ነቀፋ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ በእርግማን፥ በቡዳ ዐይን፥ ወይም በእናቲቱ ዘር የሚያመካኝ አይታጣም። ባል ይህንኑ ምክንያት አድርጎ ሚስቱን ለመፍታት ያቀረበውን አቤቱታ በፍርድ ቤት ጸሐፊነታችን በእጃችን ጽፈናል። በልጁ አካል ውስጥ የአባቱም የእናቱም ዘር እኩል እያለበት፥ ቧንቧውም እናቲቱ መፀነሷን ሳታውቅ ያልተዘጋ ሆኖ ሳለ፥ በደሉን በእርስዋ ላይ ማኖር በፍርድ ሚዛን የሚቆም ነገር አይደለም። የሚያሳፍር ነገር ስለሌለ ልጁን መደበቅም አይገባም።

መከላከያው ፎሊክ አሲድ የሚባል ቪታሚን ነው። ሉሲ ዊልስ የተባለች እንግሊዛዊት ሐኪም በሕንድ አገር በቦምቤይ በደም ማነስ የሚሠቃዩ እርጉዞችን ስትመረምር፥ ከእርሾ የተሠራ ምግብ እንደሚያድናቸው በ1931 ጽፋለች። በ1941 ያው ነገር ከቅጠል ተለይቶ ወጣ፤ ስሙም በሮማይስጥ ቅጠል ከሚለው ቃል ተሰጠው። በ1991 ደግሞ በእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ጉባኤ መሪነት በሰባት አገሮች የተደረገ ፈተና ወሳኙን ነገር ገለጠ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ከመፅነሳቸው በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ቢወስዱ፥ ጉዳቱ እንደገና የሚመጣባቸው በ72 ከመቶ ቀነሰ። እነዚህ ሦስት ዓመታት በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው። ምክንያቱም ሕዋሳት ሲባዙ ዘራቸውን የሚገለብጡት በዚህ ቪታሚን ርዳታ ነው፤ በ28ቱ ቀኖች ውስጥ ደግሞ የፅንሱ ሕዋሳት እጅግ ፈጥነው ይባዛሉ።

ፎሊክ አሲድ በጎመን፥ በምስር፥ በሽምብራና በባቄላ ውስጥ አለ። ስለዚህ የጾም ገበታችን በዚህ ረገድ አይናቅም። ነገር ግን ቪታሚኑ ሲቀቀል ወደ ውሃ ይወጣል፤ ብዙ ሙቀትም ያጠፋዋል። ጎመኑን አብዝታ ቀቅላ ውሃውን የምትደፋ ባለሞያ ከቪታሚኑ ብዙውን አብራ ትደፋዋለች። ደግሞም ምግብ ብቻውን ለ28ቱ ቀኖች የሚበቃውን ያህል እንዲሰጥ መተማመን አይቻልምና ክኒኑ ያስፈልጋል።

በ2014 ዓ.ም. መንግሥት የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድና በሌሎችም ቪታሚኖች እንዲበለጽግ በግዴታ ወስኗል። ይህ ለከተማ ሰው መልካም ነገር ነው። ነገር ግን የቡሬ ገበሬ ጤፉንና በቆሎውን ከጎተራው አውጥቶ በሰፈሩ ወፍጮ ያስፈጫል እንጂ የፋብሪካ ዱቄት አዘውትሮ አይገዛም። በየቤቱ ተገዝቶ የሚገባው ነገር ጨው ነው። ቀድሞ አሞሌው ከአፋር በረሓ ተነሥቶ በግመልና በበቅሎ እስከ ጎጃም ገበያ ይደርስ እንደ ነበር ሁሉ፥ ዛሬም ያለ ጨው የሚበስል ወጥ የለም። ጨውን በአዮዲን የማበልጸግ ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። አዮዲን እንቅርትን ከማስቀረቱ በላይ የፅንስን አንጎል እድገት የሚጠብቅ ነገር ነው። በዚያው ዓመት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘበት ቤት 15 ከመቶ ያህል ብቻ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 89 ከመቶ ሆነ። በአምስት ዓመት ውስጥ ይህ ከተቻለ ፎሊክ አሲድም በዚያው ጨው ላይ ተጨምሮ በየገጠሩ ሊደርስ ይችላል። ነገሩም በአገራችን ሲጠና ቆይቷል። ሥልጣን ያላችሁ አንባቢዎቻችን ይህን አሳብ እንድትደግፉ፥ እስከዚያውም ክኒኑ ከጤና ጣቢያ እንዳይታጣ እንድትቈጣጠሩ እንለምናለን።

አሁን በቤት ሊደረግ የሚገባውን በአጭሩ እንናገር። ለመፅነስ ያሰበች፥ ወይም ልትፀንስ የምትችል ሴት ሁሉ በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ትውሰድ፤ ቢያንስ ከፅንሰት አንድ ወር በፊት ትጀምር፥ እስከ ሦስተኛውም ወር ፍጻሜ አታቋርጥ። ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ብዙ እጥፍ የሚሆነው መጠን ስለሚያስፈልጋት አስቀድማ ሐኪም ታማክር። የስኳር በሽታ ያለባትም፥ ለሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድም እንዲሁ ታድርግ። ከእነዚያ መድኃኒቶች ቫልፕሮይክ አሲድ የተባለው ቧንቧው እንዳይዘጋ ሊያደርግ ይችላል፤ ነገር ግን በራሷ ፈቃድ አታቋርጠው፥ ሕመሙ ተነሥቶ ይጥላታልና። ክኒኑ ብዙውን ጉዳት ይከለክላል፤ ሁሉን ይከለክላል አንልም።

ልጁ ጀርባው ተከፍቶ ቢወለድ ቁስሉ ላይ ቅቤም ቅጠልም ዐመድም አይደረግ። ንጹሕ ጨርቅ በንጹሕ የጨው ውሃ ረጥቦ በቀስታ ይሸፈን፤ ልጁም በሆዱ ወይም በጎኑ ተኝቶ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ቁስሉን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ቀኖች መዝጋት የአንጎል ሽፋን እንዳይመረቅዝ ይረዳል። በራስ ውስጥ የተጠራቀመውንም ውሃ በቀጭን ቱቦ ወደ ሆድ ማውረድ ይቻላል። የነርቭ ቀዶ ሕክምና ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በፈረንጆች 2006 ከተጀመረ ወዲህ፥ በአገራችን የሠለጠኑ ሐኪሞች ይህን ሥራ ይሠራሉ፤ በአዲስ አበባ የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታልም እንዲህ ያሉ ሕፃናት የሚታከሙበት ቦታ ነው።

በመጨረሻ ለወላጆችና ለባለ ትዳሮች የምንለው ይህ ነው። ለሠርግ ሽማግሌ ሲላክ፥ ጥሎሹ ሲቈጠርና ጠላው ሲጠነሰስ ወራት ያልፋል። ለአካለ መጠን የደረሰችው ሙሽራ በእነዚያ ወራት ከጤና ጣቢያ ክኒኑን ጠይቃ ትጀምር፤ ሙሽራውም ይህን እንደ ሴት ጉዳይ ብቻ አይቍጠረው፥ አብሯት ይሂድ። የድግሱ ወጪ ተከፍሎ ከማለቁ በፊት የልጁ የነርቭ መሠረት ተጥሎ ያልቃልና።